ለቦራ የተሰጠው ነጭ ሽንኩርት

ባለፈው ቅዳሜ ልጄ ዳጣ የነካ ቁራጭ ሥጋ ለድመታችን ልትወረውር እጇን ስታነሳ ጮህኩባት። ቤቴ ውስጥ የምጮህ ሰው አይደለሁም፤ ጩኸቴን ጨርሼ የምመጣው ትምህርት ቤት ነው። ልጅቷ እጇ አየር ላይ ቀረ። ዳጣው ውስጥ ነጭ ሽንኩርት እንዳለበትና ለድመት እንደማይሆን ነገርኳት። እሷም እንደ ዘመኑ ልጅ ከእኔ ይልቅ ስልኬን ጠየቀች። ትንሽ አነበበችና እውነቴን መሆኑን አረጋገጠችልኝ። ከዚያ ቀና ብላ፣ "ለሰውስ?" አለችኝ።

ቀላል ጥያቄ ነበር። እኔን ግን ሥጋውን ተቀብያት ስጥለው ጣቴ ላይ የቀረው የነጭ ሽንኩርትና የዝንጅብል ሽታ ቦዲቲ ካለው ኩሽናዬ አውጥቶ ሶዶ፣ አክስቴ ጓሮ አድርሶኝ ነበር።

ሶዶ የሄድኩት በልጅነቴ፣ በክረምት ነው። የአክስቴ ባል ከፋሲካ በኋላ ሞቶ፣ ለቅሶው ተበትኖ፣ ዘመድ አዝማዱ ወደየቤቱ ተመልሷል። አክስቴ ልጅ አልወለደችም። በእኛ ዘንድ እንዲህ ብቻዋን ለቀረች ሴት ከዘመድ አንድ ልጅ ይሰጣታል፤ በዚያ ዓመት የተሰጠሁት እኔ ነኝ። ከቦምቤ፣ ከወላጆቼ ቤት ስነሳ እናቴ ፀጉሬን እየጎነጎነች፣ የምሄደው የአክስቴ ቤት ጭር እንዳይል እንደሆነ ነገረችኝ። እኔም ሥራ እንደተቀጠረ ሰው ነገሩን በቁም ነገር ያዝኩት። ቤቱ ዝም ባለ ቁጥር እዘፍናለሁ፣ የድስት ክዳን እመታለሁ፣ ከራሴ ጋር ጮክ ብዬ አወራለሁ። አክስቴ ለጥቂት ቀን ታገሠችኝ። ከዚያ አንድ ጠዋት ክዳኑን ከእጄ ወስዳ፣ እዚያ መኖሬ ብቻ እንደሚበቃ በእርጋታ አስረዳችኝ። እፎይ አልኩ፤ ሥራው አድክሞኝ ነበር።

አክስቴ ረጅም፣ ትከሻዋ ሰፊ፣ ከቤተክርስቲያኑ መዘምራን መካከል ድምፅዋ ተለይቶ የሚሰማ ሴት ነበረች። የሰፈሩ ሴቶች "አዬ" ይሏታል፤ በወላይትኛ እናት ማለት ነው። ዳጣዋን የማያውቅ አልነበረም። ለጊፋታ፣ ለወላይታ ዘመን መለወጫ፣ ጎረቤቱ ሁሉ ቃሪያውን ተሸክሞ እሷ ጓሮ ይመጣና በእሷ ወፍጮ ይፈጫል። ቃሪያና ዝንጅብል ያለው ያመጣል፤ ነጭ ሽንኩርቱ ግን ሁልጊዜ የእሷ ነው። ክረምቱን ሙሉ ዳሞታ ተራራ ጉም ለብሶ ሲውል እኛ ምድጃ ዳር ተቀምጠን ቦይና የምንለውን የተቀቀለ ጎደሬ በዚያ ዳጣ እያጠቀስን እንበላ ነበር። ዓይኔ እያለቀሰ፣ አፍንጫዬ እየፈሰሰ፣ ድገሚኝ እላለሁ።

ኩሽናው ግድግዳ ላይ የተንጠለጠለው የነጭ ሽንኩርት ጉንጉን ለወጥና ለዳጣ ብቻ አልነበረም። ጥርሱን ያመመው፣ ሆዱ የተነፋ፣ ጉንፋን የያዘው ሁሉ ወደ አክስቴ ይመጣል። ዶሮዎቹ ሲያንቀላፉ ውሃቸው ውስጥ ቀጥቅጣ ትጨምርላቸዋለች። እኔም ዝናብ መትቶኝ ሳስል በአንዲት ትንሽ ሲኒ ከማር ጋር ለውሳ አጎረሰችኝና ዳንኩ። በዚያች ሲኒ የተሰጠው ሁሉ የሚድን ይመስለኝ ነበር።

ያልዳነው ባሏ ነው። ታሞ በተኛበት ጊዜ በየጠዋቱ ትሰጠው የነበረው ያንኑ ነው። በኋላ ሆስፒታል ሲገባ ጉበቱ ነው ተባለ፤ ከዚያ በላይ ማንም ምንም አልነገራት። ለቅሶው ላይ የባሏ ታናሽ ወንድም፣ በነጭ ሽንኩርት ስታክመው ከርማ አሁን ታለቅሳለች ብሎ ሲያጉረመርም ከእናቴ ጎን ተቀምጬ ሰምቻለሁ። ነጭ ሽንኩርት ሲል ስለ ለቅሶው ወጥ የሚያወራ መሰለኝ። ወጡ ደግሞ በጣም ጣፍጦኝ ስለነበር ሰውዬውን ተቀየምኩት።

ከሁለታችን ሌላ በዚያ ቤት የነበረችው ቦራ ናት። ግንባሯ ላይ ነጭ ስላለባት ለድመት የበሬ ስም ወጣላት። ስሙን ያወጣው ሟቹ ነው፤ ከቢጠና ገበያ ገና ግልገል ሳለች በኮቱ ኪስ ከትቶ ያመጣትም እሱ ነው አሉ። ጎረቤቱ ሲስቅ አክስቴም አብራ ትስቃለች፣ ስሙን ግን አልቀየረችውም። ቦራ የሁለት ቤት ድመት ነበረች። ቀን ቀን ጓሯችን ትተኛለች፤ ማታ አጥሩን ዘላ ጋሽ ሸምሱ ሱቅ ትገባለች። ጋሽ ሸምሱ ቤተሰቦቻቸው ከስልጤ የመጡ፣ ስኳርና ሩዝ በጆንያ የሚደረድሩ ባለሱቅ ነበሩ። አይጥን ከግብር ሰብሳቢ አስበልጠው ስለሚፈሩ ቦራን እንደ ዘበኛ ያከብሯት ነበር።

ክረምቱ ሲበረታ ቦራ ማስነጠስ ጀመረች። ዓይኗ አለቀሰ፣ ሱቅ መሄድም ተወች። ጋሽ ሸምሱ ከአጥሩ በላይ ብቅ ብለው ሠራተኛቸው ለምን ከሥራ እንደቀረች ጠየቁ። አክስቴ ጉንፋን እንደሆነ፣ መድኃኒቱም እጇ ላይ እንዳለ ነገረቻቸው። ሰው ድኖበታል፣ ዶሮም ድኖበታል፤ ድመት የማይድንበት ምክንያት አልታየንም።

ቦራ ማር አትወድም። ስለዚህ አክስቴ የነጭ ሽንኩርት ፍንካች ቀጥቅጣ በቅቤ ለወሰችላት። ሽታው መጀመሪያ አባረራት፣ ቅቤው መልሶ አመጣት። ጠዋት ጠዋት እኔ የፊት እግሮቿን እይዛለሁ፣ አክስቴ በጣቷ ላንቃዋ ላይ ትቀባላታለች። ከጥቂት ቀን በኋላ ማስነጠሱ ቆመ። አክስቴ ደስ አላት፤ በሽታው ከሥሩ እንዲነቀል ብላ መድኃኒቱን ማታም ጨመረችበት።

ከዚያ በኋላ የሆነው ነገር አልገባንም። ጉንፋኑ ለቋት ሳለ ድመቷ ከቀን ቀን ደከመች። ወተት ስናቀርብላት ፊቷን ታዞራለች። ከጆንያዋ ተነስታ ጓሮ ለመድረስ መንገድ ላይ ታርፋለች፤ ተኝታም ጎኗ ቶሎ ቶሎ ይነሳል ይወድቃል። አክስቴ መድኃኒቱን ከፍ አደረገችው። አንድ ጠዋት አፏን ስከፍትላት ሮዝ የነበረው ድዷ እንደ ቆጮ ነጥቶ አየሁ። የተኛችበት ጆንያ ላይ ደግሞ ሽንቷ የሻይ ቀለም ይዞ ነበር። አክስቴን ጠራኋት። ጎንበስ ብላ ጆንያውን ለረጅም ጊዜ ተመለከተችው። ከዚያ ቅቤ የነካ ጣቷን በቀሚሷ ጠርጋ፣ "ዘንቢሉን አምጪ" አለችኝ። "ይቺንስ አላዘገያትም።"

ከከተማው ዳር ወዳለው የእንስሳት ክሊኒክ ሄድን። ግቢው በበሬና በላም ሞልቷል፤ ጊፋታ ስለቀረበ የሚደልብ ሰንጋ ያለው ሁሉ ከብቱን ሊያስመረምር መጥቷል። አክስቴ ዘንቢሏን ታቅፋ ከአንድ ትልቅ ቀይ በሬ ኋላ ተሰለፈች። የበሬው ባለቤት ከገጠር የመጣ ሽማግሌ ነው። ዶሮ መስሎት የዘንቢሉን ክዳን ከፈት አደረገና ሳቁ መጣ።

"ድመት ነው እንዴ ያመጣሽው?"

"ድመት ነው።"

"ድመት ምን ሐኪም ያስፈልገዋል? ይሄ ቢሞት ሌላ ይመጣል።"

"ለኔ ያለኝ እሱ ነው" አለችው አክስቴ።

ሽማግሌው ፊቷን አየ፣ የለበሰችውን ጥቁርም አየ። ሳቁን ዋጠና በሬውን ወደ ጎን ስቦ ቀድመን እንድንገባ ተራውን ለቀቀልን።

ሐኪሙ ጭቃ የነካ ቦት ጫማ ያደረገ ወጣት ነበር። ቦራን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጦ ከንፈሯን ገለጥ አደረገ፣ ዓይኗንም አየ፤ ከዚያ ምን እንደምትበላ ጠየቀ። አክስቴ በኩራት ዘረዘረችለት፤ ወተት፣ አንዳንዴ ጉበት፣ ከገበታ የተረፈ ሥጋ፣ ከታመመች ወዲህ ደግሞ መድኃኒት። የምን መድኃኒት እንደሆነ ጠየቃት። ነገረችው። ሐኪሙ እጁን ከድመቷ ላይ አነሳ።

"እናቴ፣ ነጭ ሽንኩርት ለድመት አይሆንም" አላት። "ደሟን ያፈርሰዋል።"

አክስቴ የሰጠቻት ትንሽ እንደነበረ ተናገረች። እሱም ለእኛ ትንሽ የሆነው ለዚያች አካል ትንሽ እንዳልሆነ፣ በየቀኑ ሲሆን ደግሞ እየተጠራቀመ እንደሚሄድ አስረዳት። ጥሬም ቢሆን የበሰለ፣ ደርቆ የተፈጨም ቢሆን ቅቤ የተነጠረበት፣ ያው ነው አለ፤ ቀይ ሽንኩርትም እንዲሁ። ጉንፋኑ ምናልባት በራሱ ጊዜ ይለቃት ነበር። ለዚህ ብሎ የሚሰጠው የተለየ መድኃኒት እንደሌለው ነግሮን ቪታሚን ወጋት፤ ምንም ቅመም ያልነካው ጉበት በትንሽ በትንሹ እንድናበላት፣ እንዳንነካካትና ይህን ሳምንት ካለፈች መልሰን እንድናመጣት አዘዘ። ካለፈች ሲል ድምፁን ዝቅ አደረገ።

ደም ይፈርሳል ሲባል እኔ የማውቀው የሚፈርስ ነገር ቦምቤ በዝናብ የወደቀውን የጎረቤታችንን የጭቃ ግድግዳ ነው። ቦራም ውስጧ እንደዚያ እየተናደ መሰለኝ። ስንመለስ ዘንቢሉን ተቀብዬ፣ የቀረው እንዳይወድቅ ብዬ ቀስ እያልኩ ተራመድኩ። አክስቴ ከፊት ከፊት ትሄዳለች፤ አንድም ጊዜ ዞር ብላ ፍጠኚ አላለችኝም።

ቤት እንደገባን የነጭ ሽንኩርቱን ጉንጉን ከግድግዳው አወረደችው። አልጣለችውም፤ አቅፋ ወስዳ ለጋሽ ሸምሱ ሰጠቻቸው። ልትሸጥላቸው መስሏቸው ዋጋ ሲጠይቋት፣ ከቤቷ እንዲወጣላት ብቻ እንደምትፈልግ ነገረቻቸው። ከዚያ ቀን ጀምሮ እኛ ቤት ነጭ ሽንኩርት የሚባል ነገር አልተበላም። ሽሮው ጣዕሙ ጠፋ። ቦይናውን በቃሪያና በጨው በላን።

እኔ ነገሩን በራሴ መንገድ ተረዳሁት፤ ለቦራ ጤና ብለን እየጾምን ነው። ተገቢ ሆኖ አገኘሁት፣ ድርሻዬንም ተወጣሁ። ጎረቤት ቤት ዳጣ ሲቀርብልኝ እጄን ሰብስቤ፣ እኛ ቤት ድመት ስለታመመ ነጭ ሽንኩርት አንበላም አልኳቸው። ወሬው በአንድ ቀን ሰፈሩን አዳረሰ። ሴቶቹ ባዩኝ ቁጥር የጾሙ ነገር እንዴት እንደሆነ እየጠየቁ ይሳሳቁብኝ ጀመር።

አክስቴ ግን አትስቅም ነበር። መዝሙር ልምምድ መሄድ ተወች። ያቺን መድኃኒት የምትለውስባትን ትንሽ ሲኒ ታጥባታለች፣ ታደርቃታለች፣ ትንሽ ቆይታ ደግሞ ታጥባታለች። እኔ የማይለቅ እድፍ ያለባት መስሎኝ ሰርቄ አየኋት፤ ንጹሕ ነበረች። አንዴ ሲኒዋን ይዛ እንደቆመች ዝናቡ ልብሱን ከገመድ ላይ አበሰበሰው፤ ሮጬ ያስገባሁት እኔ ነኝ።

ጉበቱን ለቦራ የማጎርሰውም እኔ ነበርኩ። በጥፍር ልክ ቆርሼ ከንፈሯ ላይ አስቀምጥና እጠብቃለሁ። መጀመሪያ እዚያው ይደርቅ ነበር። በኋላ ምላሷ ወጣ፤ ሻካራው ምላሷ ጣቴን ሲነካኝ በደስታ ልጮህ ብዬ፣ ጭር ማለት ለበሽተኛ ይበጃል ብለውኝ ስለነበር አፌን ያዝኩ።

በዚህ መሀል የጊፋታ ዳጣ የሚፈጭበት ቀን ደረሰ። ሴቶቹ እንደልማዳቸው ቃሪያቸውን በቅርጫት፣ ዝንጅብላቸውን በፌስታል ይዘው ጓሮው ገቡ። አክስቴ ወፍጮው ያው፣ ውሃው ያው፣ ነጭ ሽንኩርት ግን ዘንድሮ ከእኔ ቤት አይገባም አለቻቸው። መጀመሪያ ቀልድ መሰላቸው። አንዷ ነጭ ሽንኩርቱን እኔ አመጣለሁ አለች፤ አይሆንም ተባለች።

"አዬ፣ ያለ ነጭ ሽንኩርት ምን ዳጣ አለ? ሰው ምን ይለናል?" አለቻት ሌላዋ።

"ሰው አይሙት እንጂ የፈለገውን ይበል።"

ከሳቁት መካከል አሁን የሚስቅ አልነበረም። ሴቶቹ ዓይን ለዓይን ተያዩ፣ ቅርጫቶቻቸውን ከጥላው ሥር ትተው አንድ በአንድ ወጡ። እኔ አክስቴ ነገሩን አጋነነች ብዬ አሰብኩ፤ የታመመችው ድመት ናት፣ ሰው የታመመ የለም።

ሳምንቱ አልፎ ቦራን መልሰን ስንወስዳት ዘንቢሉን እየቧጠጠች ነው የሄደችው። ሐኪሙ ከንፈሯን ገለጠ፤ ድዷ ሮዝ ሊሆን ጀምሯል። ክፉውን ቀን እንዳለፈች ነገረን፣ ራሷን በጣቱ አሸት አደረጋት፣ ቀጣዩን ከብት ሊያይ ዞረ። አክስቴ አልተነሳችም።

"ዶክተር" አለችው፣ "ለሰውስ?"

"ምኑ?"

"ነጭ ሽንኩርቱ። የሰው ደምስ ያፈርሳል?"

እሱ ፈገግ ብሎ ሰው ሲበላው የኖረ ነገር እንደሆነ፣ እሱም ቁርሱን በዳጣ በልቶ እንደመጣ ነገራት። እሷ ግን ፈገግ አላለችም።

"የታመመ ሰው ቢሆንስ? በየጠዋቱ ቢሰጠው?"

"ማን ነው የተሰጠው፣ እናቴ?"

"ባለቤቴ" አለች። "ጉበት ነው አሉ። እኔ ግን በየጠዋቱ በእጄ አጎርሰው ነበር። እንደዚህ ድመት፣ በእጄ።"

ያን ጊዜ ነው የገባኝ። ሁሉም አልገባኝም፤ ግን ሲኒዋ ለምን እንደምትታጠብ ገባኝ፣ ስንጾም የከረምነውም ለቦራ እንዳልሆነ ገባኝ። ሐኪሙ የያዘውን መርፌ አስቀመጠ፣ በርጩማ ስቦም ፊት ለፊቷ ተቀመጠ።

"እኔ የከብት ሐኪም ነኝ" አላት። "ስለ ባለቤትዎ ሕመም የማውቀው የለኝም። ይህን ግን ልንገርዎት። የድመት ደም ነው ነጭ ሽንኩርት የማይችለው፤ የሰው ይችላል። በየጠዋቱ ፍንካች ነጭ ሽንኩርት በማር የበላ ሰው በእሱ አይሞትም። እርስዎ አልገደሉትም።"

አክስቴ ራሷን ነቀነቀች፣ አመሰገነችው፣ ዘንቢሉን አንስታ ወጣች። ግቢው በር ጋ ያለው አግዳሚ ወንበር ላይ ስትደርስ ተቀመጠችና ነጠላዋን ፊቷ ላይ ጥላ አለቀሰች። ትከሻዋ ሰፊ ስለነበር ልቅሶዋ ከሩቅ ይታያል። ከብት ይዘው የቆሙት ሰዎች ድመቷ የሞተች መሰላቸው። አንዱ ባርኔጣውን አውልቆ መጣና ጌታ ያጽናሽ አላት፤ ሌላው እሱ ቤት የወለደች ድመት ስላለች አንድ ግልገል እንደሚሰጣት ቃል ገባ። በዚህ መሀል ቦራ የዘንቢሉን ክዳን በራሷ ገፍታ ብቅ አለችና ሰዎቹን አየቻቸው። ባለ ባርኔጣው ደንግጦ ወደ ኋላ አለ። አክስቴ ነጠላዋን ገለጥ አድርጋ ፊቱን ስታይ፣ እንባዋ እየወረደ ሳቀች። ለቤቱ ከተሰጠሁ ወዲህ እንዲያ ስትስቅ ስሰማ የመጀመሪያዬ ነበር።

ስንመለስ ጋሽ ሸምሱ ሱቅ ቆምን። ጉንጉኑ ከሚዛኑ ኋላ ምስማር ላይ ተሰቅሏል። አክስቴ ምንም ሳትል ጋሽ ሸምሱ አወረዱት፤ ከእሱ አንድም እንዳልሸጡ፣ ዋጋም እንደማይጠይቁ፣ ዘበኛቸውን ብቻ ቶሎ እንድትልክላቸው ነገሯት።

ሴቶቹን ሮጬ የጠራሁት እኔ ነኝ። ሲመጡ አንዳቸውም ለምን ብላ አልጠየቀችም። ኩሽናው ውስጥ ክብ ሠርተው ተቀምጠው ነጭ ሽንኩርት ላጡ፤ እኔም ጣቴ እስኪቃጠል ላጥኩ። አክስቴ ወፍጮው ላይ ጎንበስ ብላ መጁን ወዲያና ወዲህ ስታደርግ ያ ሽታ ኩሽናውን ሞላው፣ ጓሮውንም ሞላው። ቦራ ቅቤ ያለ መስሏት እየተንገዳገደች ወደ ወፍጮው መጣች። አክስቴ መጁን አስቀመጠች። ነጭ ሽንኩርት በነካ እጇ ላለመንካት ብላ በሁለት ክንዷ አንስታ ከደጃፉ ውጪ አኖረቻትና በሩን በእግሯ ገፋ አድርጋ ዘጋችባት።

"እዚያው ሁኚ" አለቻት። "ይሄ የሰው ነው።"

ተመልሳ ተቀመጠች። መጁን እየገፋች የመዝሙር ዜማ በአፍንጫዋ ጀመረች፤ ሴቶቹም ተከተሏት።

ልጄ ስልኬን እንደያዘች መልሴን እየጠበቀች ነበር። እኔም ድመቷን በሁለት ክንዴ አንስቼ ከኩሽና አወጣኋትና በሩን ዘጋሁ።

"ለሰው ምንም አይልም" አልኳት። "ይሄ የሰው ነው።"